የኦብሲዬ እርምጃ

በድሬዳዋ ዙሪያ ያለው ምድር በሙሉ በአባቴ እግር ነው የተለካው። በሙሉ ስላችሁ፣ ቀፊራ ገበያ የሚያውቀኝ ሰው እንደሚያደርገው፣ ግማሹን ቀንሳችሁ ስሙኝ። ጨርቅ ስሸጥ ከሜትሩ አንዲት ጣት አላጎድልም፤ ወሬ ስቆርጥ ግን እጄ ይሰፋል። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያየሁትን አንድ ጅብ ሰርግ ቤት ሰባት አድርጌ አውርቼ፣ በሳምንቱ ወሬው ዞሮ ሲመለስልኝ ጅቦቹ ሃያ ደርሰው አግኝቻቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ከተማ ነው ያሳደገኝ።

ይህንንም ታሪክ አርባ ዓመት ሙሉ ስለጥጠው ኖሬአለሁ። አንዳንዴ አባቴ የንጉሡን መሬት የለካ ሹም ነበር፤ አንዳንዴ ደግሞ ፈረንጅ ከዘንዶ አፍ ያወጣ ጀግና። አምና አዲስ አበባ አንድ መዝገብ ቤት ገብቼ፣ ቡናማ ሽፋን ባለው አሮጌ ደብተር ላይ የእውነቱን ልክ በቁጥር ተጽፎ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ስለ አባቴ ላወራ ስል ምላሴ ይያዝብኛል። እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልጨምር ልናገረው።

ዘመኑ 1952 ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ደቻቱ አፋፍ ላይ፣ በኖራ የተለሰነች አንዲት ክፍል ቤት ነበረችን፤ ለእኔ፣ ለእናቴ ለፋዱማና ለአባቴ ለኦብሲዬ። አባቴ ባቡር ጣቢያ ጆንያ ተሸካሚ ነበር። ባቡሩ ሲመጣ ይሠራል፤ ሲቀር ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ሙሴ ረኔ የሚባል ሰው መጣ። እኛ ከተማ ፈረንሳይ ሁሉ ሙሴ ነው። ይህኛው ቀጭን፣ አንገቱ በፀሐይ የተላጠ፣ ድንጋይ በመዶሻ ሰብሮ በምላሱ ጫፍ የሚቀምስ ሰው ነበር። ይቺን ከራሴ የጨመርኳት መስሏችሁ ይሆናል፤ ወላሂ አልጨመርኳትም።

«ውሃ ከየትኛው ድንጋይ ሥር እንደተኛ ልፈልግ ነው የመጣሁት» ይላል ሙሴ። ከተማው ሳቀበት። ለውሃ ብሎ አገሩን የሚለቅ ሰው የት ታይቶ! ጋሪ ነጂው፣ ጣፋጩን ሙሸበክ የምትሸጠው ሴት፣ የቁርአን ቤት ልጆች፣ ሁላችንም ተስማማን። ፈረንጁ የሚፈልገው ወርቅ ነው።

ሰው ሲቀጥር ጉልበት አላየም። አሥራ አንድ ወንዶች ደቻቱ አሸዋ ላይ አሰለፈ፣ ረጅም ሜትር ዘረጋ፣ እያንዳንዱን መቶ እርምጃ አስሄደው። ከዚያ እንደገና፣ ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ። የአሥሩ ሰዎች መቶ እርምጃ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል። የአባቴ ግን ሦስቱንም ጊዜ እዚያችው ጠጠር ላይ አለቀ። ሙሴ ጠጠሯን አንስቶ ኪሱ ከተታት። አባቴም ተቀጠረ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ሙሴ በኮምፓስ አሻግሮ ያይና አንድ ዛፍ ወይም ቋጥኝ ያመለክታል። አባቴ ወደዚያ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ቁልቋል ቢኖር፣ ቁልቁለት ቢሆን፣ ዝንፍ የለም። መቶ በሞላ ቁጥር ከሙስበሃው አንዲት ፍሬ በአውራ ጣቱ ይገፋል፤ አላህን የሚያወሳባት መቁጠሪያ ናት። ሲደርስ ቁጥሩን ይጠራል፣ ሙሴ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። በዚያ ቁጥር ነው ተራራውና ሸለቆው ካርታው ላይ ቦታ ቦታቸውን የሚይዙት።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» ይል ነበር አባቴ ማታ እግሩን እየታጠበ። «እግሬ ግን ደብተር ገብታለች።»

ክረምት ሲገባ ሥራው ያልቃል። ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባ አንድ ሹም መጥተው ያያሉ፤ ከወደዱት አባቴን ቋሚ ያደርጉታል። ሙሴ እንዲያ ብሎ ቃል ገብቶለታል። ቋሚ! ያቺ ቃል ቤታችን እንደ ክቡር እንግዳ ነበረች። አባ ዚነት ቋሚ ሲሆን ጣሪያው ይጠገናል፣ ትላለች እናቴ አባቴን በእኔ ስም እየጠራች። አባ ዚነት ቋሚ ሲሆን ዚነት ትምህርት ቤት ትገባለች። እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ እንኳ ቋሚ፣ ቋሚ እያለች የምትከትፍ ይመስለኝ ነበር።

ጁምዓ ጁምዓ ከሰላት በኋላ አባቴ ቀፊራ ይወስደኛል። እጄን አይዝም፤ ጎን ለጎን ነው የምንሄደው። እሱ አንድ ሲራመድ እኔ ሁለት እራመዳለሁ። ቅመም ተራ ስንደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ዚነት፣ ስንት ሆነልሽ?»

«አንድ ሺህ!»

«እኔ አራት መቶ አሥር ነኝ። ያንቺ ስምንት መቶ ሃያ መሆን ነበረበት። ቀሪውን ከየት አመጣሽው?»

«ጨመርኩበት።»

አባቴ ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነበር የሚስቀው። «መሬት አይጨመርባትም፣ የኔ እናት። ያለችው ያህል ናት።»

ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን አባቴ በጋሪ ተጭኖ መጣ። አባቴ ለጋሪ የሚከፍል ሰው አልነበረም። በማግስቱ ደግሞ ሽርጡን ትቶ ሱሪ ለበሰ፤ አሮጌ የካኪ ሱሪ፣ ቁርጭምጭሚቱን አልፎ የሚጎተት። ድሬዳዋ፣ በሚያዝያ ሙቀት፣ ሱሪ! እኛ ሰፈር ሱሪ የሚለብስ ሰው የተሾመ ወይ ሀብታም የሆነ ነው። እኔም አየሁትና ልቤ ዘለለ።

ከሥራ ሲመለስ ወደ ውጭ ያባርሩኝና በሩን ይዘጋሉ። በሩ ስንጥቅ ነበረው፤ እኔም ዓይን ነበረኝ። እናቴ ከአባቴ ባት ላይ ረጅም ነጠላ ጨርቅ ስትፈታ አየሁ። ጨርቁ ሲፈታ ቆይቶ ቆይቶ አያልቅም። ከሥሩ በመስኮቱ ብርሃን ቢጫ ነገር አብለጨለጨ፤ እናቴ ቶሎ ብላ ከለለችው።

«ለሙሴ አሳየው፣ አባ ዚነት።»

«ካሳየሁት አበቃልን።»

«ይህን ተሸክመህ እስከ መቼ?»

«ክረምቱ እስኪገባ። አርባ ቀን ናት። አርባ ቀን መሸከም ያቅተኛል?»

«አለቃህ ካፖ ዒጋል ቢያይብህስ?»

«ሱሪው ምን ይሠራል ታዲያ? ዝም በይ፣ ልጅቷ ትሰማለች።»

ልጅቷ ሰምታለች። ሰምታም ጨርሳለች። አባቴ ተራራው ላይ የፈረንጁን ወርቅ አግኝቶ እግሩ ላይ አስሮታል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጨምርበታል፤ ክረምት ሲገባ ሀብታሞች እንሆናለን። እናቴ ስታለቅስ አይቼ ከደስታ ነው አልኩ። ቤቱ መሽተት ሲጀምር ወርቅ እንዲህ ነው የሚሸተው አልኩ። የቤታችን ጨው በሦስት ቀን ሲያልቅ፣ ወርቅ በጨው ነው የሚታጠበው አልኩ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

ገደል ውስጥ የተንከባለለ ድንጋይ ቅልጥሙን እንደሰነጠቀው እናቴ የነገረችኝ ብዙ ዓመት ቆይታ ነው።

ጎሕ ሲቀድ አባቴ ግቢው ውስጥ በከሰል ሁለት መስመር ያሰምራል፤ በመካከላቸው የእርምጃው ልክ። ከአንዱ ወደ ሌላው ይራመዳል። ይመለሳል። እንደገና ይራመዳል። የሙስበሃውን ክር ጥርሱ መካከል ነክሶ፣ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ፣ ያንን እግር ወደፊት ይወረውረዋል። ከመስመሩ ሲያጥርበት ግንባሩን ግድግዳው ላይ ያሳርፍና «አንዴ» ይላል፣ «አንዴ ብቻ ታዘዢልኝ።» እኔ አልጋ ላይ ሆኜ አደንቀዋለሁ። ሸክሙ እንዳይታወቅበት መራመድ እየተለማመደ ነው፣ ብልጥ ነው አባቴ፣ እላለሁ።

በዚያው ወር ሌላም ተአምር ሆነ። አደግሁ። ጁምዓ ቀን ወደ ቀፊራ ስንሄድ መሮጤ ቀረ። መጀመሪያ እሱ ሁለት ሲራመድ እኔ ሦስት ሆንኩ። በሚቀጥለው ጁምዓ ደግሞ እሱ አንድ፣ እኔ አንድ።

«አባ! ደረስኩብህ! እየው፣ አንድ ለአንድ!»

አባቴ ቆመ። ቁልቁል እግሮቼን አየ፣ ከዚያ የራሱን። «አዎ» አለ። «ደረስሽብኝ።» የዚያን ቀን ቅመም ተራ አልደረስንም። ከመንገዱ ዳር ተቀመጠና ሙቀቱ ነው አለኝ። እኔ ግን ለሰፈሩ ሁሉ በአንድ ወር አንድ ክንድ ማደጌን አወራሁ። የቀሚሴ ጫፍ እዚያው ጉልበቴ ላይ ነበር፤ እሱን ማን ያያል።

አሁን ወደ ምላሴ ልምጣ።

ጓደኛዬ ሸፊቃ የካፖ ዒጋል ልጅ ነበረች። ካፖ ማለት የሠራተኞቹ አለቃ ነው፤ ጮክ ብሎ የሚናገር፣ ፉጨቱ ከመጋላ እስከ ከዚራ ሰፈር የሚሰማ ሱማሌ። አንድ ረቡዕ ሸፊቃ ከጅቡቲ የመጣ ቀይ ጫማ አድርጋ መጣች። አቧራ ላይ አትረግጥም፤ ከድንጋይ ድንጋይ ነው የምትዘለው።

«አባቴ ነው ያስመጣልኝ። ያንቺ አባት ምን አስመጣልሽ?»

«የኔ አባት አያስመጣም» አልኳት። «የኔ አባት ተሸክሞ ነው የሚሄደው።»

«ምን? ጆንያ?»

«ወርቅ።»

ሸፊቃ ሳቀች። መሳቋ ነው ያበላሸው። ባትስቅ ዝም እል ነበር።

«እግሩ ላይ አስሮታል! በዓይኔ አይቻለሁ! ለምን ሱሪ የለበሰ ይመስልሻል? አንድ ኪሎ ነው።»

«ውሸታም! በአላህ ስም ማይልኝ።»

«ወላሂ። ሦስት ኪሎ።»

ጫማዋን አውልቃ አስለካችኝ። ጠበበኝ፣ ግን ቆንጆ ነበር። እሷም ወደ ቤቷ ሮጠች።

በማግስቱ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ሠራተኞቹ ከተራራ ተመልሰው ከዚራ ያለው መጋዘን ግቢ ውስጥ የድንጋይ ሣጥን እያወረዱ ነበር። ሸፊቃና እኔ በሩ ላይ ቆመናል። የአዲስ አበባው ሹም የመጡት በዚያው ቀን ነው፤ ባርኔጣ ያደረጉ፣ መሐረባቸውን ከአንገታቸው የማይለዩ ሰው። ሙሴ ረኔ ደብተሩን ይዞ ከጎናቸው ቆሟል። አባቴ ራቅ ብሎ፣ በደህናው እግሩ ቆሞ፣ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል። ያን ሁሉ ጠዋት የተለማመደው ለዚች ሰዓት ነበር።

«ኦብሲዬ» አለ ካፖ ዒጋል። «ና እስቲ። ሱሪህን ጠቅልል።»

«ምን ተገኘብኝ፣ ካፖ?»

«ስትጠቀልለው እናያለን። አቦ አታስቸግረኝ! ከተማው እያወራ ነው፤ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ሹሙ ዞር አሉ። «ምንድን ነው?»

«ጌታዬ፣ ከተራራው ወርቅ ወስዶ እግሩ ላይ አስሯል ይባላል።»

«ተወው፣ ዒጋል» አለ ሙሴ በተሰባበረ አማርኛው። ፊቱ ቀልቷል። «ተወው። እግር የሱ ነው።»

ይኼ ፈረንጅ ለብቻው ሊወስደው ነው አልኩ በልቤ።

አባቴ ሙሴን አየ፣ ሹሙን አየ፣ ከዚያ በሩ ላይ እኔን አየኝ። ፈገግ አልኩለት። ወደ ፊት ወጣሁና ራሴን ነቀነቅኩለት፤ አሳያቸው፣ አባ፣ ይዩልን።

ያን ጊዜ ገባው መሰለኝ። ዓይኑን ከእኔ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ።

«እኔው እፈታዋለሁ» አለ።

ሣጥን ላይ ተቀምጦ ሱሪውን ጠቀለለ፣ ጨርቁን ይፈታ ጀመር። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። መጀመሪያ ሽታው መጣ። ከዚያ ዝንቦቹ መጡ። የመጨረሻው ዙር ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ስለነበር በጥፍሩ ነው ያላቀቀው። ከጉልበቱ በታች የነበረው ነገር እግር አይመስልም ነበር፤ አብጦ ጠቁሮ፣ መሐሉ ተከፍቶ፣ ቢጫው ወደ ቁርጭምጭሚቱ ይወርዳል። ነጭ አጥንት አየሁ። ብዙ ነገር አየሁ ብዬ ዋሽቻለሁ በሕይወቴ፤ ያንን ግን አይቻለሁ።

«አስተግፊሩላህ» አለ ካፖ ዒጋል፤ ቆቡን አውልቆ ወደ ኋላ ሸሸ። ሸፊቃ እጄን ለቀቀችኝ።

«ይህ ሰው ነው መሬቱን በእርምጃ የሚለካልህ?» አሉ ሹሙ ሙሴን። «በዚህ እግር? እስቲ ሜትሩን ዘርጉ።»

ዘረጉለት። አባቴ ተነሣ። አሥር እርምጃ ነበር የጠየቁት። አንድ፤ ያን እግር እንደ ጠዋቱ ወረወረው። ሁለት። ሦስት። ከንፈሩ ላይ ደም ነበረ። አራት ላይ አጠረበት፤ አስተካክሎ ሊመልስ ሞከረ። አምስት። ስድስት። በሰባተኛው ወደቀ። እንደ ጆንያ ነው የወደቀው፤ አፈሩ ተነሣ።

«የአንድ ወር ሥራ ገደል ገባ!» አሉ ሹሙ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «የትኛው ቁጥር ነው እውነቱ? የትኛው?»

ሙሴ ረኔ ደብተሩን ገለጠ፣ ለአባቴ ጀርባውን ሰጠና ከሹሙ ጋር በፈረንሳይኛ በፍጥነት ያወራ ጀመር። ያን ጀርባ አልረሳሁትም። አባቴ መሬት ላይ፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ። አርባ ዓመት ሙሉ ያንን ጀርባ ስረግመው ኖርኩ።

ካፖ ዒጋል አባቴን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ነው ቤት ያመጣው። በራችን ላይ አውርዶት እናቴን «እህቴ፣ ይቅር በይኝ» አላትና ሄደ። ማን እንደነገረው አልተናገረም። እናቴም እስክትሞት አላወቀችም።

ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ ሐኪሙ ዘግይታችኋል አለ። ጉልበቱን አልፎ ወደ ላይ ወጥቷል፤ አሁን ቢቆረጥም ዋስትና የለም። አባቴ ቤቴ መልሱኝ አለ። ዘጠኝ ቀን ተኛ። ትኩሳቱ ሲወጣ ይቆጥራል፤ ባዶ ጣቱ ሙስበሃ ይገፋል። ሲሻለው ጣሪያውን ያያል። እግሬን አላለም፣ ቋሚነቴን አላለም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያቃጥለው።

«ዚነት።»

«አቤት አባ።»

«እርምጃዬ ሲያጥር ቁጥሩ ይበዛል። ገብቶሻል? አምስት መቶ የነበረው ስድስት መቶ ይሆናል። መሬቱን አስረዘምኩት። ውሃው ያለበትን ቦታ አሳሳትኩ። ነገ ሰዎች በእኔ ቁጥር ሄደው ደረቅ ጉድጓድ ይቆፍራሉ።» እጄን ያዘኝ፤ እጁ እሳት ነበር። «ለመሬት ዋሸሁ። ለሰው ብዋሽ ይሻለኝ ነበር።»

ውሃ አጠጣሁት።

በስድስተኛው ቀን ሙሴ ረኔ መጣ። እናቴ ቅባት ፍለጋ ወጥታለች። በሩን ስከፍት ባርኔጣውን አውልቆ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ቆሟል።

«ኦብሲዬ አለ?»

አባቴ ከውስጥ ተኝቷል። መጋረጃው ከእኔ ሦስት እርምጃ ነው። ያ ጀርባ ትዝ አለኝ። ከዚህ በኋላ ማንም ሰው ያን እግር አያይም ብዬ ምዬ ነበር፤ ይህ ሰውዬ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ። በሩ መሐል ቆምኩና እጆቼን ግራና ቀኝ ዘረጋሁ።

«የለም» አልኩት። «ድኗል። እግሩ ድኗል።»

«ድኗል?»

«ወላሂ! ፈረስ ላይ ወጥቶ ሄደ። ወደ መልካ ጀብዱ። ነጭ ፈረስ ነው። አጎቴ ነው የሰጠው።» አጎት የለኝም።

ሙሴ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ፊቱ ተፈታ። ተፈትቶ አላበቃም፤ ሳቀ። ጭንቅላቴን ዳሰሰኝ፣ ባርኔጣውን አደረገና የደቻቱን አሸዋ አቋርጦ ሄደ። እኔም በሩን ዘጋሁ። አሸነፍኩት አልኩ።

አባቴ ከዚያ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሊነጋ ሲል ነበር፤ ከሰል ይዞ ግቢ በሚወጣባት ሰዓት።

አምና አንድ የጉድጓድ ቆፋሪ መሐንዲስ ሱቄ ጨርቅ ሊገዛ መጥቶ፣ ሳቢያን ሰፈር ላይ ስለሚቆፍሩት ውሃ ሲያወራ፣ የድሮ ሰዎች የመስክ ደብተር አሁንም እንደሚያገለግላቸው ነገረኝ። አዲስ አበባ መዝገብ ቤት ተቀምጧል አለ። ሙሴ ረኔ የሚባል ሰው ደብተርም አለ። «ኦብሲዬ የሚል ስም በየገጹ አለበት፤ የቦታ ስም ይሁን የሰው አላወቅነውም» አለኝ። ጨርቁን ከነመቀሱ ጥዬ ተነሣሁ። በአውሮፕላን ሄድኩ ብያለሁ ለቀፊራ። በአውቶቡስ ነው የሄድኩት።

መዝገብ ቤቱን የምትጠብቀው ሙሉነሽ የምትባል ወጣት ናት። ደብተሩን በጨርቅ ላይ አስቀምጣ ሰጠችኝ። ጥግ ጥጉ በጭቃ ጠቁሯል። ፈረንሳይኛ እንደ ውሃ እጠጣዋለሁ ብያት ስለነበር አንገቴን እየነቀነቅኩ አገላብጬ አየሁ። አራተኛው ገጽ ላይ ስደርስ መነጽሬን ረስቻለሁ አልኳት። መነጽሩ አፍንጫዬ ላይ ነበር። ሙሉነሽ ወንበሯን አስጠጋች።

«ኦብሲዬ፣ ሰባ ስድስት ሳንቲ ሜትር» ብላ አነበበች። «ሦስት ጊዜ ተፈተነ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሰባ ስድስት።»

እኔ አንድ ሜትር ከሃያ ነበር የምለው።

በየገጹ ጠርዝ ላይ ቁጥር አለ። ኦብሲዬ ሰባ ስድስት። ኦብሲዬ ሰባ ስድስት። እስከ ሚያዝያ። ከዚያ በአንድ ቀን ሁለት ቁጥር ይጀምራል።

«ጠዋት ሰባ ስድስት፣ ከሰዓት ሰባ አንድ» አለች ሙሉነሽ። ቀስ እያለች ነበር የምትተረጉምልኝ። «‹ጠዋት እያየሁት ለእኔ ብሎ ይዘረጋል። ከሰዓት ቀድሜ በሜትር በለካሁት መስመር ላይ ሳልነግረው አስሄደዋለሁ። ስሌቱን በከሰዓቱ እሠራለሁ።›»

«ምን ማለት ነው?»

«አውቆት ነበር ማለት ነው፣ እትዬ ዚነት። በየቀኑ እርምጃቸው ስንት እንደቀነሰ እየለካ ነው ካርታውን የሠራው። አንድም ስሕተት የለበትም። እነዚያ መሐንዲሶች አሁን የሚቆፍሩት በዚህ ነው።»

ስልሳ ስድስት። ስልሳ አንድ። አንድ ቦታ ላይ ሙሉነሽ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «‹ዛሬ ልጠይቀው አስቤ ተውኩት። ከጠየቅኩት ማሰናበት ይኖርብኛል። እንደ እሱ የሚቆጥር ሰው የለኝም፤ እሱም ቦታውን ይፈልጋል።›» ቀና ብላ አየችኝ። «ሐኪም ጋ ለምን አልላካቸውም?»

አንዱ እንዳይባረር ደበቀ፤ ሌላው እንዳያባርር ዝም አለ፤ ሁለቱም በትሕትና እየተያዩ ያ ነገር ወደ ላይ ወጣ። በዚያ ግቢ ውስጥ ዝም በል ያልተባለ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እኔ። ሁሉን ቀድማ የምታወራ ምላሴ በሕይወቷ አንዴ ዘገየች። ለሸፊቃ በመጀመሪያው ሳምንት ብፎክርባት ኖሮ፣ ያ ጨርቅ በመጀመሪያው ሳምንት ይፈታ ነበር።

«የመጨረሻው ስንት ነው?»

«ሠላሳ ስምንት።»

ማስመሪያ ለመንኳት። ወለሉ ላይ ሠላሳ ስምንት ሳንቲ ለካሁና መሐረቤንና ቦርሳዬን ጫፍና ጫፉ ላይ አስቀመጥኩ። ትንሽ ናት። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ውፍረቴ እንኳ አንዴ ሳልዘረጋ አለፍኳት። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ እርምጃ ናት፤ ቀፊራ መንገድ ላይ፣ ጁምዓ ከሰዓት፣ አንድ ለአንድ።

ለካ አላደግሁም ነበር።

«የመጋዘኑ ቀን አለ?» አልኳት። «ጀርባውን የሰጠ ቀን።»

አገኘችው። «‹ስሌቱን ለሹሙ አሳየሁ፤ ካርታው ትክክል መሆኑን ተቀበሉ። ኦብሲዬን ግን ማስቀረት አልቻልኩም። ቁጥሩ እንዳልተበላሸ ልነግረው ይገባል፤ በዚያ ይጨነቃል።›» ገጹን ገለጠች፤ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች።

«አንብቢው።»

«ትንሽ ማስታወሻ ናት። ‹ዛሬ ልነግረው ወደ ኦብሲዬ ቤት ሄድኩ። ሴት ልጁ በሩ ላይ ነበረች። ድኖ በነጭ ፈረስ ወደ መልካ ጀብዱ መሄዱን ነገረችኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ነገ ወደ ቆላ እንወርዳለን፤ ስመለስ እነግረዋለሁ።›» ከዚያ ቀጥሎ የተጻፈው ስለ ኖራ ድንጋይ ነው። ግራጫ፣ ደቃቅ፣ ወደ ሰሜን ያዘነበለ።

ሙሉነሽ ደብተሩን ልትዘጋ ስትል እጄን አስገባሁ።

«እርሳስ ስጪኝ።»

«ምን ሊያደርጉበት?»

«እዚያች ጋ አንድ መስመር ልጽፍ። ልጅቷ ዋሽታለች ብዬ። አባቷ ከመጋረጃው ጀርባ ነበር ብዬ።»

«እትዬ ዚነት፣ አይቻልም» አለች በጣም ቀስ ብላ፤ እጄን ይዛ። «እዚህ የተጻፈ ነገር ላይ አይጨመርም።»

ስለዚህ አባቴ እዚያው ነው ያለው። ሣጥን ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ሁለት እግሩ ደህና፣ ነጭ ፈረስ ላይ፣ ወደ መልካ ጀብዱ እየሄደ።